ከኩሽና የሚመጣው ድምፅ

መምህርት ታክ ሚሪም ዝርክርክ ነገር አይሆንላትም። ልጆቹ በር ላይ ጫማ ሲያወልቁ አፍንጫው ወደ ውጭ ካልዞረ ተመልሰው ያዞሩታል። ጠረጴዛዋ ላይ እርሳሶቹ በቁመታቸው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ታብሌቶቹ በየሳምንቱ ዓርብ ስክሪናቸው ተወልውሎ መደርደሪያቸው ውስጥ ይገባሉ። የሶልጎክ ሰው «እሷ ክፍል አቧራ እንኳን አስፈቅዶ ነው የሚገባው» እያለ ይቀልድባታል። ቀልዱ ጆሮዋ ደርሷል። አልከፋትም፣ እንዲያውም በሆዷ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ሶልጎክ በደቡቡ ባህር ዳርቻ ያለች፣ ነጭ ሽንኩርት የምትተክልና የባህር አረም የምትለቅም መንደር ናት። ወጣቱ ጠቅልሎ ከተማ ስለገባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቀሩት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አንድ ላይ ይማራሉ፤ መምህራቸውም እሷው ናት። ይህችን ሴት በጽዳቷ ብቻ መመዘን ግን ግፍ ይሆናል። ጓንግጁ ከተማ ድረስ ሄዳ ሠልጥና ያመጣችው ሥራ ለመንደሩ የማይረሳ ነው። በየዓመቱ ሩዝ ሲታጨድ ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። በታብሌት ድምፅ ይቀርጻሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፤ ከዚያ ሁሉንም አገጣጥመው አጭር ፊልም ይሠሩና በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይለቁታል። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ታብሌት ፊት ሲቀመጥ ምላሱ ይፈታል። ጀልባ ላይ ሆነው፣ ስልካቸውን አርቀው ይዘው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፊልም ደጋግመው የሚያዩ ሽማግሌዎችን የተመለከተ ሰው ሚሪም ምን እንደሠራች ይገባዋል።

አምና የሰጠቻቸው ርእስ «የቤታችን ድምፅ» የሚል ነበር።

ፒዮ ዳሶም ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ካልጠየቋት የማትናገር፣ ሲጠይቋትም መልሱን በአጭሩ ሰጥታ የምትቀመጥ ልጅ ናት። አባቷ ጂንቴ ባህር ላይ ይውላል። እናቷ ልዋን ከቬትናም ተድራ የመጣች ናት፤ ዳሶም ከመወለዷ በፊት መሆኑ ነው። ቋንቋውን በደንብ ለምዳዋለች፣ የአነጋገሯ ቅላጼ ግን እንቢ ብሏታል። ገበያ ላይ አንዳንድ ሴቶች አጠገቧ ቆመው አነጋገሯን እየኮረጁ ይሳሳቃሉ። ስለዚህ ሰው ፊት ዝም ማለትን መረጠች። የወላጆች ስብሰባ ላይ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች። ቤት ውስጥም ቢሆን አማቷ እማማ ቡንሬ ገና ከመጀመሪያው ሕግ አውጥተው ነበር። «ልጅቷ በእኛ ቋንቋ አፏን ትፍታ። ነገ ትምህርት ቤት መሳቂያ እንዳትሆን» አሉ። ልዋንም እሺ አለች። ለክፋት አይደለም የተባለው፤ ይህን የሚል ሰው በየመንደሩ ሞልቷል፣ ምን እንደሚያጠፋ ግን ማንም ቆም ብሎ አላሰበበትም።

አንድ ቦታ ብቻ ነው ልዋን ሕጉን የምትጥሰው። ሳህን ስታጥብ የቧንቧውን ውሃ ለቀቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች። የአገሯን ዘፈን። ውሃው ስለሚንሿሿ ማንም የማይሰማት ይመስላታል።

ዳሶም ይዛ የመጣችው ቅጂ የአያቷ ወሬ ነበር። እማማ ቡንሬ ልጅ ሳሉ ታላቁ አውሎ ነፋስ መንደሩን ሲመታ፣ የጎረቤታቸው አሳማ በጎርፍ ተወስዶ ጠዋት ፐርሲመን የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደተገኘ ይተርካሉ። እማማ ወሬ ያውቁበታል። ሚሪም እየሰማች ብቻዋን ሳቀች። ግን ቅጂው ጫጫታ በጫጫታ ነው፤ ሳህን ይጋጫል፣ ውሃ ይወርዳል። ፋይሉንም ዳሶም «እናቴ» ብላ ሰይማዋለች። የምታወራው አያት ሆና ሳለ «እናቴ» ምን ማለት ነው? ሚሪም ልጅቷ ቸኩላ የተሳሳተች መሰላትና «የአያቴ አውሎ ነፋስ» ብላ አረመችው። ከዚያ ማጽዳት ጀመረች።

ድምፅ የሚያጸዳው አፕ አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጫጫታው የቱ እንደሆነ ይጠይቃል። ሰው የማይናገርበትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩታል። እሱም ያንን አጥንቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየለቀመ ያወጣዋል። ሚሪም እማማ ቡንሬ መናገር ከመጀመራቸው በፊት ያለውን ረዘም ያለ ክፍት ቦታ መረጠች። እዚያ ውስጥ ውሃው ይንሿሿል፤ ከውሃው በስተጀርባ ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ ያንጎራጉራል። የጎረቤት ሬዲዮ መሰላት። በጣቷ አሳየችው። አፑ ትንሽ አሰበና ሁሉንም ጠርጎ አወጣው፤ የእማማ ቡንሬ ድምፅ ልክ ስቱዲዮ ውስጥ እንደተቀረጸ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሚሪም ከወንበሯ ተነስታ ለራሷ ሻይ አፈላች። ሥራ ሲሳካላት እንዲህ ታደርጋለች።

ፊልሙ በወረዳው የተማሪዎች ውድድር ላይ ተሸለመ። ዳኞቹ የድምፁን ጥራት ነጥለው አመሰገኑ። በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ሰው ስለ አሳማው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እማማ ቡንሬ በአዲሱ ልብሳቸው ተኮፍሰው አጨብጫቢውን ሁሉ በእጃቸው ሰላም አሉ። ሲያበቃ ልዋን ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ሚሪም መጣችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ድምፅ በጣም ንጹሕ» አለች። «የኔ ኩሽና ጫጫታ ነበር። ይቅርታ። ቲቸር አጸዱ፣ አመሰግናለሁ።»

ሚሪም ምንም አይደለም፣ የአፕ ሥራ ነው ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ዳሶም ጫማዋን እያየች ቆማ ነበር። ሚሪም ልጅቷ ያፈረች መሰላት።

የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ታብሌቶቹ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ከመሰጠታቸው በፊት ባዶ መደረግ አለባቸው። ደንብ ነው፤ የልጆች ድምፅና ፎቶ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ተብሎ የወጣ። ሌሎቹ መምህራን ሥራውን ያድበሰብሱታል፤ ሁሉንም አንድ ዲስክ ላይ ይገለብጡና በኋላ እናየዋለን ብለው መሳቢያ ውስጥ ይረሱታል። ሚሪም እንዲህ አይነት ሰው አይደለችም። ያለቁትን ፊልሞች ለይታ አስቀመጠች፣ ጥሬ ቅጂዎቹን ግን ከታብሌቱም፣ ከኢንተርኔቱ ማከማቻም፣ ከቆሻሻ መጣያውም አንድ በአንድ አጠፋች። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ «ከመምህርት ታክ ተማሩ» አሉ።

ነጭ ሽንኩርቱ በሚነቀልበት ሰሞን ልዋን ማሳ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብላ እየነቀለች ነበር፤ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ያረፈች መሰላቸው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው ተባለ። ሆስፒታል አልደረሰችም።

ዳሶም ወደ ክፍል ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የሐዘን ነጭ ሪባን ሰክታ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ መምህሯ ግን ያው ሚሪም ናት። ልጆቹ በሹክሹክታ ነው የሚያወሯት። ማስቲካ ይሰጧታል፣ ተራቸውን ይለቁላታል። እሷ ሁሉንም እሺ ብላ ትቀበላለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ ያ የአምናው ቪዲዮዬ አለ?»

«አለ እንጂ የኔ ቆንጆ። ድረ ገጹ ላይ አለ፣ በፍላሽም እሰጥሻለሁ።»

«እሱን አይደለም። ሳይጸዳ በፊት የነበረውን።»

ሚሪም ምን ያደርግልሻል አለቻት። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ስታጠናው እንደከረመች ሁሉ ነገረቻት። የእናቷ ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ የዳሶም ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ ቀራጯ እናትየዋ ስለሆነች እሷ የለችበትም። አባቷ ስልክ ሲያነሳባት አፏን በእጇ ትይዛለች። ከአገሯ ዘመዶች ጋር የምታወራው በቪዲዮ ጥሪ ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወሬው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ድምጿ የትም የለም።

«እዚያ ውስጥ ግን እየዘፈነች ነበር» አለች ዳሶም። «ከኩሽና።»

ያ ቀጭን ድምፅ፣ ሚሪምን ሬዲዮ የመሰላት፣ መልሶ ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ ትዝ ያላት ግን መኖሩ ብቻ ነው፣ ዜማው ጠፍቶባታል። ቅጂው የት እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች። የትም የለም። በገዛ እጇ ነው ያጠፋችው። ግን ነጩን ሪባን እያየች ይህን ማለት አልቻለችም።

«እፈልገዋለሁ» አለች።

ውሸት ነው ብሎ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ በእርግጥም ፈለገችው። ግን እንደሌለ እያወቀች መፈለግ ልጅቷን በተስፋ ማቆየት መሆኑን ታውቃለች፤ ይህ ደግሞ ከውሸት አይሻልም። ታብሌቱን ያቀረበው ድርጅት ባለሙያ ዘንድ ከተማ ድረስ ይዛው ሄደች። ሰውዬው ሲጎረጉር ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ሰው ሲያጠፋ ፍርፋሪ ይተዋል፣ ከእሱ ላይ ይሰበሰባል። ይህን ያጠፋው ሰው ግን ጎበዝ ነው፤ ምንም አልተወም» አላት። ሚሪም አመስግናው ወጣች፤ አውቶብስ ፌርማታው ላይ ተቀምጣ ሰው እያያት አለቀሰች።

የውድድሩን አዘጋጆች ጠየቀች፤ ያላቸው ያለቀውን ፊልም ነው። የቤቷን ኮምፒውተር ገለባበጠች። በመጨረሻ የጸዳውን ፊልም አፑ ውስጥ መልሳ አስገብታ፣ እማማ ቡንሬ ትንፋሽ የሚወስዱባቸውን ክፍት ቦታዎች ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጋ በጆሮ ማዳመጫ ሰማቻቸው። ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፍስ ነፋስ ያለ ነገር ይሰማል። ስትፈልግ ሰው ይመስላታል፤ ደግማ ስትሰማው ምንም አይደለም። ይህን ስትሰማ ስንት ቀን እንደሰነበተች ባትጠይቋት ይሻላል።

ዳሶም አትወተውትም። ጠዋት ሚሪም ክፍል ስትገባ ግን ቀና ብላ አንድ ጊዜ ታያታለች፤ መልሱን ከፊቷ ታነብና ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። አንድ ከሰዓት አባትየው ልጁን ሊወስድ መጣና፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ ስለ ድካሟ አመሰገናት። የሟች አርባ ዘጠነኛው ቀን ተቃርቧል፤ እንደ እምነታቸው ነፍስ እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤቱ አትርቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን ትሄዳለች።

«ልጅቷ ‹እናቴ የራሷን ዘፈን ሰምታ ትሂድ› ትላለች» አለ ጂንቴ። «ጸሎት የሚያደርሱትን መነኩሴም አስፈቅዳለች። እኔ ምን ላድርግ ቲቸር፣ ይኸው ባህር ለባህር ስል ሚስቴ እንደምትዘፍን እንኳን አላውቅም ነበር።»

ሚሪም ያን ጊዜም መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተችና ዝናብ ሊመጣ ነው አለች።

ዝናቡ በእርግጥም መጣ፤ ቀኑ ሲደርስ ሰማዩ ሁሉ ወርዶ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። ሚሪም እርጥብ ጃንጥላዋን በር ላይ አቁማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ታብሌቱን እንደያዘች እነዳሶም ቤት ገባች። ለመታሰቢያ የቆመው የልዋን ፎቶ የመታወቂያዋ ነው፤ ሌላ አልተገኘም። ከፊቱ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ የደረቀ ዓሣ ተደርድሯል። በስተቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ሳህን የአገሯ የሩዝ ፓስታ ሾርባ፣ ላዩ ላይ የድንብላል ቅጠል ተነስንሶበት ተቀምጧል። እማማ ቡንሬ ያንን ቅጠል ይሸተኛል ብለው ለዓመታት ከቤት አግደውት ነበር። አሁን ራሳቸው ከተማ ሄደው ገዝተው፣ አሠራሩን ከስልክ ላይ አይተው ሠሩት። እጃቸው እየሸተተ መሆኑን ግን አንዴም አላነሱትም።

መነኩሴው ጸሎቱን ሲጨርሱ ሁሉም ወደ ሚሪም ዞሩ። ዳሶም ታብሌቱን ከእጇ ለመቀበል እየተዘጋጀች ቆመች።

«የለም ዳሶምዬ» አለች ሚሪም። «ፍለጋ ስጀምርም አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።»

ጂንቴ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ልጅቷ አላለቀሰችም። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ሲያጸዱት የቱን ነው ያሳዩት?»

«አያትሽ ከመናገራቸው በፊት ያለውን።»

«እሱን ጫጫታ ነው አሉት?»

«አዎ» አለች ሚሪም። «ጫጫታ ነው አልኩት።»

«እኔ እኮ እሱን ነው የቀረጽኩት» አለች ዳሶም። «ታብሌት ካየች ዝም ትላለች። ስለዚህ አያቴን ፊት ለፊት አስቀመጥኳት፤ ሁሉም እሷን ነው የምትቀርጸው እንዲል። ‹ቆዪ ገና አልተከፈተም› እያልኩ ቀድሜ ከፈትኩት። ርእሱ እኮ የቤታችን ድምፅ ነበር። ስሙንም ጽፌበት ነበር።»

«እናቴ» የሚለው ቃል ሚሪም ዓይን ላይ ድቅን አለባት፤ ቸኩላ የተሳሳተች መስሏት ያረመችው። ከክፍሉ ሁሉ ርእሱ የገባት ይህች ልጅ ብቻ ነበረች። ሚሪም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳን አልሞከረችም።

እማማ ቡንሬ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ያለውን አሰሙኝ አሉ። ሚሪም ከፈተችላቸው። አውሎ ነፋሱ መጣ፣ ጣሪያው ተነቀለ፣ አሳማው ዛፍ ላይ ወጣ፤ ያ ሁሉ አዳራሽ የሳቀበት ወሬ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ አንድም ሰው አልሳቀም። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መካከል ያለው ጸጥታ የጉድጓድ ያህል ጥልቅ ነበር። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ሸፈኑት።

«ይህ ውሸት ነው» አሉ። «ብቻዬን አስመስሎኛል። ያን ቀን ብቻዬን አልነበርኩም።» ወደ ሚሪም ሳያዩ ቀጠሉ። «አይዞዎት መምህር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እርስዎ የጀመርኩትን ነው የጨረሱት።»

ማጽናኛ ይሁን ቅጣት ሚሪም እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ዳሶም ታብሌቱን አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። ሚሪም ከተቀመጠችበት ሆና በበሩ በኩል ታያታለች። ልጅቷ ታብሌቱን አምና የነበረበት መደርደሪያ ላይ አቆመችው፣ የመቅረጫዋን ቀይ ምልክት ነካች፣ ከዚያ ሄዳ የቧንቧውን ውሃ ለቀቅ አደረገችው፤ እናቷ እንደምታደርገው። አንድ ሳህን አንስታ ታጥብ ጀመር። ለማንጎራጎር ሞከረች። የዘፈኑን መግቢያ ታውቀዋለች፣ ቃሉን ግን ማንም አላስተማራትም፤ እንዳትማረው ተከልክላ ነበር። ትንሽ ሄደችና ጠፋባት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ጠፋባት። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ሳህኑን ታጥብ ነበር፤ ውሃው ይወርዳል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል፣ አያቷ እንባቸውን ሲውጡ ይሰማል። ሚሪም ድምፅ እንዳታሰማ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች።

ልጅቷ ውሃውን ዘጋች። እጇን ቀሚሷ ላይ አደራርቃ ቀረጻውን አቆመችው፤ የቅጂውን ስም በጥንቃቄ ጻፈችበት፤ አምጥታም በሁለት እጇ ለመምህርቷ ሰጠቻት። ያቺው የአምናዋ ቃል ናት የተጻፈችበት።

«ቲቸር» አለች ዳሶም፣ «ይህንን እንዳያጸዱት።»